ከአንድ ቦታ ብቻ የሚገዛ ዩኒፎርም፦ ከሰሜን ሸዋ አንድ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃን ከተማ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ወላጆች በዩኒፎርም ዋጋ ላይ ያነሱትን ጥያቄ፣ የሄዱበትን መንገድና የደረሱበትን ስምምነት ይመዘግባል። ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። እኔ ከወላጆቹ አንዱ ነኝ። በኮሚቴው ውስጥ ቃለ ጉባኤ እይዝ ስለነበር ወረቀቱ ሁሉ እጄ ላይ አለ። የትምህርት ቤቱን፣ የአቅራቢውንና የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ሌላ ከተማ ላለ ወላጅ የሚጠቅመው ስም ሳይሆን ዋጋው እንዴት እንደተገነባና እንዴት እንደተፈታ ማወቁ ነው።

የቦታውና የትምህርት ቤቱ ሁኔታ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ብርዷ የታወቀ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። እዚያው ዞን ውስጥ ቆላ ወርደው ሸዋ ሮቢት ያለ ተማሪ ያለ ሹራብ ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል። እኛ ጋ ይህ አይታሰብም። ስለዚህ ሹራብ የዩኒፎርሙ ማሟያ ሳይሆን ዋናው ክፍል ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ ደግሞ የለም።

ትምህርት ቤቱ ከአፀደ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። ተማሪዎቹ ወደ 700 ይጠጋሉ። ወላጆቹ የመንግሥት ሠራተኞች፣ አነስተኛ ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና በደሴ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮች ናቸው። የግል ትምህርት ቤት ስለሆነ ሁሉም የደላው ይመስላል እንጂ ብዙው ወላጅ የወር ክፍያውን ከሌላ ነገር ላይ ቀንሶ ነው የሚከፍለው።

የድሮው ዩኒፎርም ቀላል ነበር። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ። ከፈለጉበት ሱቅ ይገዛል፤ ካልሆነም ጨርቅ ተቆርጦ ሰፈር ላለ ልብስ ሰፊ ይሰጣል። ታላቅ የለበሰውን ታናሽ ይወርሳል። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ነገሩ የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ቀለሙ ይነገራል፤ የቀረው የወላጁ ሥራ ነው።

በሰኔ 2016 ለወላጆች ደብዳቤ መጣ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ዩኒፎርሙ ይቀየራል ይላል። ሹራቡ ወይን ጠጅ ሆኖ ኮሌታው ላይ ግራጫ መስመር፣ ደረቱ ላይ የተጠለፈ አርማ አለው። ሸሚዙ ዳማ ነው። ሱሪውና ጉርዱ ግራጫ፣ የስፖርት ቱታው ደግሞ አርማ የታተመበት። ሁሉም የሚሸጠው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ብቻ ነው። አቅራቢው የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው።

ዋጋው ከየት ወዴት ሄደ

በሐምሌ መጀመሪያ የተለጠፈው ዋጋ ሱሪ 800፣ ሸሚዝ 600፣ ሹራብ 1,000፣ ቱታ 1,200 ብር ነበር። በድምሩ 3,600 ብር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ወደ 100 ብር ተጠጋ፤ ብዙም ሳይቆይ አለፈው። ጨርቁም ክሩም ከውጭ የሚገባ ነውና የልብስ ዋጋ አብሮ ተነሣ። በነሐሴ የተመዘገበ ወላጅ ያገኘው ዝርዝር ሱሪ 950፣ ሸሚዝ 750፣ ሹራብ 1,250፣ ቱታ 1,450 ነው። ድምሩ 4,400 ብር ሆነ።

እዚህ ላይ ወላጁን ያናደደው ጭማሪው ብቻ አልነበረም። ዕቃው ከምንዛሬው ለውጥ በፊት ገብቶ ክፍሏ ውስጥ ተደርድሮ ያየነው ነው። ነጋዴ ደግሞ የሸጠውን በምን ዋጋ እንደሚተካው እያሰበ ይሸጣል። ይህን እረዳለሁ። ጭማሪው ሲበዛበት ሌላ ሱቅ የመሄድ ዕድል ያለው ገዢ ግን ቢያንስ ይከራከራል። እኛ የምንሄድበት ሌላ ሱቅ አልነበረንም።

ሌላ ሱቅ እንዳይኖር ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ምዝገባው ነው። የዩኒፎርም ክፍያ ያልከፈለ ወላጅ ምዝገባው አይጠናቀቅለትም። ሁለተኛው የግቢው በር ነው። ከዚያ ክፍል ያልተገዛ ልብስ የለበሰ ልጅ በር ላይ ይቆማል።

ሦስት ልጆች ያሏት አንዲት እናት በአንድ ሳምንት 13,200 ብር ለልብስ ብቻ ከፈለች። ደብተሩ፣ ቦርሳው፣ ጫማው፣ መመዝገቢያው ገና ነው። የ8ኛ ክፍል ወላጆችም ነበሩ። ልጃቸው ፈተናውን ተፈትኖ በሰኔ ትምህርት ቤቱን ይለቃል፤ ግን ለ10 ወር ብቻ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ እንዲገዙ ተጠየቁ። ወንድም እህት ለሌለው ልጅ ይህ ንጹሕ ኪሳራ ነው።

በዚያ ላይ ቀሪው ዕቃ በወቅቱ አይደርስም። የአዲስ አበባ መንገድ በፀጥታ ምክንያት በተዘጋ ቁጥር ጭነቱ ይዘገያል። በነሐሴ ከፍለው ሹራቡን በኅዳር የተረከቡ አሉ። ሲከፈል የሚሰጠውም ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይሆን ብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ነበር። የተረከቡት ሹራብ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ እጅጌው ይረዝማል። ቅሬታ ሲቀርብ ትምህርት ቤቱ አቅራቢውን ይላል፤ አቅራቢው ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

በበሩ ላይ የሆነው

ነገሩን ከማጉረምረም ያወጣው በኅዳር 2017 አንድ ጠዋት የሆነ ነገር ነው። የ2ኛ ክፍል ልጅ ሹራቡ ገና ስላልደረሰለት እናቱ ቤት የሠራችለትን ሹራብ ለብሶ መጣ። ቀለሙ ያው ወይን ጠጅ ነው፤ ትንሽ ደመቅ ይላል። ጥበቃው አውልቅ አለው። ልጁ በሸሚዝ ብቻ ክፍል ገባ። እናትየው ተመልሳ ስትመጣ ጥበቃው፣ «እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? የታዘዝኩትን ነው» አላት። እውነቱን ነው፤ ታዝዞ ነው።

ያን ቀን ማታ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ በቁጣ ተሞላ። ልጅ እናስወጣ ያለ አለ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ኮሚሽን ይበላል ያለ አለ። በሳምንቱ መጨረሻ ስብሰባ ተጠርቶ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ። አንዲት በልብስ ስፌት የምትተዳደር እናት፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርና እኔ።

ኮሚቴው መጀመሪያ የተስማማው ቁጥር እስኪያገኝ ድረስ ኮሚሽን የሚለውን ወሬ ላለማንሳት ነው። ሐሳቡ የሾፌሩ ነበር። ሌባ የተባለ ሰው ዋጋ ሊያስረዳችሁ አይቀመጥም፤ ስሙን ሊያጥብ ነው የሚቀመጥ አለ። ለኋላው ድርድር ይህ ውሳኔ ከሌላው ሁሉ በላይ ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ።

ልብሱን መፍታት

ልብስ ሰፊዋ እናት ለ10 ዓመት ልጅ የሚሆን አንድ ሙሉ ዩኒፎርም ወስዳ ስፌቱን ተረተረችው። የጨርቁን ልክ፣ የገባውን ክር፣ ዚፕና ቁልፍ አንድ በአንድ ጻፈች። ሾፌሩ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ይዞ መርካቶ ሄደ። ውጤቱ ያልጠበቅነው ነበር።

ሱሪው ላይ ብዙ ትርፍ የለም። ተመሳሳይ ጨርቅ በችርቻሮ ተገዝቶ፣ ዚፑና ክሩ ተጨምሮ 400 ብር ይደርሳል። የእጅ ዋጋው ያኔ 300 ብር ነበር። በጠቅላላው 700 ብር። ግቢው ውስጥ 950 ነው የሚሸጠው። ልዩነቱ 250 ብር፤ ያናድዳል እንጂ አያስደነግጥም።

ሸሚዙ ላይ ግን ሌላ ነገር ታየ። ያ ዳማ ጨርቅ መርካቶ ውስጥ አልተገኘም። ሾፌሩ ቁራጩን እያሳየ ሲዞር ነጋዴዎቹ ታዝዞ የመጣ ነው እያሉ መለሱት። ይህም ማለት ማንም ልብስ ሰፊ ቢፈልግ እንኳ ሊሰፋው አይችልም። በጥራቱ የማያንስ ነጭ ሸሚዝ ተሰፍቶ 450 ብር ይሸጣል። ዳማው 750 ነው።

ቱታው 1,450 ብር ነው። አርማ የሌለው ተመሳሳይ ቱታ ከተማው ውስጥ 800 ብር አለ። አርማ ማተም ደግሞ ያን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ሥራ አይደለም።

ሹራቡ ከሁሉም ይለያል። በስፌት መኪና አይሠራም፤ የሹራብ ማሽን ያስፈልገዋል። ክሩ በአንድ ጊዜ ተነክሮ ካልወጣ ቀለሙ ይለያያል። ስለዚህ አምራቾቹ ጥቂት መቶ ካልታዘዘ ማሽናቸውን ለአንድ ቀለም አያስነሡም። አንድ የአዲስ አበባ አምራች 500 ከታዘዘው አንዱን በ850 ብር እንደሚሠራ ነገረን። ግቢው ውስጥ 1,250 ነው። በነገራችን ላይ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ነች፤ ሽቅብ መንዝ ደግሞ በበጎቹና ከሱፋቸው በሚሠራው ባና የታወቀ አገር ነው። የልጆቻችን ሹራብ ግን ተጭኖ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። በከተማው ያለ አንድ የልብስ አምራችንም ጠይቀን ነበር። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ትዕዛዝ መስመር አንከፍትም ብሎ በትሕትና ሸኘን።

ሰንጠረዡን ስናየው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሱሪው ማንም ሊሰፋው ስለሚችል ትርፉ አነስተኛ ነው። አርማ ወይም የታዘዘ ዳማ ባለበት ሁሉ ግን ትርፉ ወፍራም ነው። ትምህርት ቤቱ ልብሱን ሲመርጥ ዋጋውን አብሮ መርጧል። ማንም ሊሠራው የማይችለውን ዓይነት ከመረጠ በኋላ ከእኔ ብቻ ግዙ የሚል ደብዳቤ መጻፍ እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

የትምህርት ቤቱ ድርሻ

የሒሳብ ባለሙያው የትምህርት ቤቱን ባለቤት ፊት ለፊት ጠየቃቸው። ከአንድ ሙሉ ዩኒፎርም ለትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ስንት ነው? ባለቤቱ አልደበቁም። 600 ብር ነው አሉ። መዝገባቸውንም አሳዩት፤ «ልዩ ልዩ ገቢ» በሚል ተመዝግቧል። እንዲህ ሲሉም አስረዱ፦ «የወር ክፍያ ልጨምር ስል ወላጅ ይሰበሰባል፤ ትምህርት መምሪያው ይጠይቀኛል። የጥበቃውም የውኃውም ወጪ ግን አይጠብቀኝም። በዩኒፎርም ሲሆን የሚጠይቀኝ የለም።»

እንዲህ ቁልጭ ያለ መልስ አልጠበቅንም። ዩኒፎርሙ ስሙ የተለወጠ የትምህርት ክፍያ ነበር ማለት ነው። ባለቤቱ ሌላም ሐሳብ ነበራቸው፤ መናቅ የለበትም። ቀድሞ ወላጅ ከየሱቁ ሲገዛ ልጆቹ አንድ አይመስሉም ነበር። አንዱ ደህና ሹራብ ሲለብስ ሌላው የነተበ ይለብሳል። ከግቢ ውጭ የእኛን ልጅ ከሩቅ ለይተን ማወቅ አለብን ይላሉ። በዚያ ጊዜ የፀጥታ ሁኔታ ይህን የሚቃወም ወላጅ አልነበረም።

ንግድ ጽሕፈት ቤቱ

ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ጉዳዩን ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወሰዱት። የያዙት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ነው። አዋጁ ሸማች አማርጦ የመግዛት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ነጋዴም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ባለሙያው በደንብ አዳመጧቸው። ዋጋ ነፃ ነው፤ ይህን ያህል ሽጡ ብለን አናዝም አሉ። ስለ ደረሰኙ ግን ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ውጤት አመጣ፤ ውጤቱ ግን በእኛ ላይ ዞረ። አቅራቢው ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ነገር ግን በተለጠፈው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫት እጨምራለሁ አለ። 4,400 ብሩ 5,060 ሊሆን ነው። የተለጠፈ ዋጋ ቫትን ጨምሮ መሆን አለበት ብለን ተከራከርን፤ በመጨረሻ ጭማሪውን ተወው። ለጥቂት ሳምንታት ግን ግሩፑ ውስጥ የተሰደብነው እኛ ነበርን። «ሳይነካኩት ይሻል ነበር» የሚለው ድምፅ የበረታው ያኔ ነው።

በሕግ በኩል የሄድነው ይህን ያህል ነው። ደረሰኙ ተገኝቷል፤ ለኋላው ድርድርም ረድቷል። ከዚያ በላይ ሊያስኬድ የሚችል መንገድ ቢኖርም ልጆቻችን እዚያው ግቢ ውስጥ እየተማሩ ከትምህርት ቤቱ ጋር ክስ መግጠም የፈለገ አልነበረም።

ስምምነቱ

ድርድሩ ከጥር እስከ ግንቦት 2017 ወሰደ። ብዙው ጊዜ የሄደው በቀጠሮ መተላለፍ ነው። አንዲት ወላጅ እንግሊዝ አገር ያለች እህቷ የላከችላትን ይዛ መጣች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ዩኒፎርም ወጪ ሕግና መመሪያ ወጥቷል። ትምህርት ቤቶች አርማ ያለበትን ልብስ በተቻለ መጠን እንዲያሳንሱ፣ ከአንድ አቅራቢ ጋር ብቻ የሚዋዋሉ ከሆነም ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንዲያወዳድሩ ይላል። ባለቤቱ እንግሊዝን እዚህ ምን አመጣት ብለው ሳቁ። አርማን ከልብስ መለየት የሚለው ሐሳብ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ስምምነቱም የተሠራው እሱ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ በ2012 የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ማደል መጀመሩንም ያነሣ ነበር። ለእኛ አልሠራም። እዚያ ከፋዩ መንግሥት ነው፤ በግል ትምህርት ቤት ከፋዩ ወላጅ ራሱ ነው።

የተፈረመው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። ዳማ ሸሚዙ ቀርቶ ነጭ ሸሚዝ ሆነ። ግራጫ ሱሪና ጉርድ ከየትም ይገዛል ወይም ይሰፋል። የጨርቁ ናሙና የጨርቁ ዓይነት ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አርማው ለብቻው ተጠልፎ በ60 ብር በደረሰኝ ይሸጣል፤ ወላጁ ራሱ ያሰፋዋል። ቱታ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ይበቃል፤ አርማ አያስፈልገውም። ሹራቡ ከአንድ አቅራቢ ይገዛል፤ አቅራቢው ግን ከሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ ይመረጣል፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው ባለበት። የ2016ቱ ዩኒፎርም እስኪያልቅ ይለበሳል። የ8ኛ ክፍል ተማሪ አዲስ አይገደድም። ምዝገባና ዩኒፎርም ይለያያሉ። ማንም ልጅ በልብስ ምክንያት በር ላይ አይቆምም፤ ለወላጁ ደብዳቤ ይላካል።

በምላሹ ትምህርት ቤቱ የመመዝገቢያ ክፍያውን በ400 ብር ጨመረ። የሒሳብ ባለሙያችን ይህን አልወደደውም። ዩኒፎርም በሁለት ዓመት አንዴ ለሚገዛ ቤተሰብ የትምህርት ቤቱ ድርሻ በሁለት ዓመት 600 ብር ነበር። መመዝገቢያ ግን በየዓመቱ ነው፤ በሁለት ዓመት 800 ብር ይሆናል። ትምህርት ቤቱ እንዲያውም አተረፈ ማለት ነው። ይህን ስብሰባው ላይ በቁጥር አስቀመጠው። ወላጁ ሰምቶ፣ ይሁን ብሎ ተቀበለው። እኔም ድምፄን የሰጠሁት ለመቀበል ነው። በደረሰኝ የተጻፈ ክፍያ በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ሹራብ ኪስ ውስጥ የተደበቀ ክፍያ ግን አይነሣም።

በመስከረም የታየው

የመጀመሪያው ዙር የ2018 ምዝገባ ነበር። ነጭ ሸሚዙ ያለ ችግር ሄደ። ገበያው ውስጥ ሞልቷል፤ አንዳንዱ ወላጅ ቤት የነበረውን አለበሰ። አርማው ለብቻ መሸጡም ሠራ። ልብሱ ሲያጥር አርማው ተፈትቶ ወደ አዲሱ ይዛወራል። የበሩ ነገር ከሁሉም በላይ ተለወጠ። ከመስከረም ወዲህ በልብስ ምክንያት የተመለሰ ልጅ የለም።

ግራጫው አስቸገረ። ናሙናው ቢለጠፍም ወላጁ በዓይኑ ገምቶ ገዛ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰልፍ ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ግራጫ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው «አመድ»፣ «ጭስ»፣ «እርሳስ» እያሉ ስም አወጡላቸው። ባለቤቱ ሰልፉን እያዩ «ይኸው፣ ያልኳችሁ ይሄንን ነው» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ልብስ ሰፊዎቹም ተጨናነቁ። ሁሉም ወላጅ የመጣው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ነው። የእጅ ዋጋው ከ300 ወደ 400 ብር ወጣ። ነገ ኑ፣ ከነገ ወዲያ ኑ እየተባለ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ሱሪውን የተረከበ ልጅ አለ። ከአንድ ሻጭ መላቀቅ ማለት ርካሽና ፈጣን ማለት እንዳልሆነ ያኔ ታየ። ቀድሞ ያዘዘ ሰው በ300 አሰፍቷል፤ የዘገየው በ400።

ሦስቱ የሹራብ ፕሮፎርማዎች ራሳቸውን የቻሉ ጉድ ነበሩ። ዋጋቸው 1,240፣ 1,270 እና 1,150። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማኅተማቸው ቢለያይም ከሥር የተጻፈው ስልክ ቁጥር አንድ ነው። ይህን ያየው ሾፌሩ ነው። ሦስተኛው አቅራቢ ተመረጠ፤ ግን ግማሹን ቅድሚያ ጠየቀ። ትምህርት ቤቱ ከፍሎለት ዕቃው መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደረሰ። አምራቹ ቀድሞ ነግሮን የነበረው 850 ብር ዋጋ ከሰዎች ቃል አላለፈም። ለ500 ሹራብ በቀጥታ የሚያዝና ገንዘቡን የሚያስይዝ ተቋም ያስፈልግ ነበር፤ ኮሚቴ ደግሞ የባንክ ሒሳብ የለውም።

ያገለገለ ዩኒፎርም መለዋወጫ ሣጥንም ተሞክሮ ነበር። ሰጪ ሞልቶ ነበር፤ ወሳጅ ጠፋ። በሰው ፊት ሣጥን ከፍቶ የሰው ልብስ መምረጥ ለማንም ደስ አይልም። በኋላ የክፍል ኃላፊ መምህራን ልጁ ያደገበትን ወላጅ ከሚፈልግ ወላጅ ጋር በስልክ ማገናኘት ጀመሩ። ይኼኛው በተለይ ለአፀደ ሕፃናት ልጆች እየሠራ ነው።

ሒሳቡ

ቀድሞ ያሰፋ ወላጅ ያወጣው ሱሪ 700፣ ሸሚዝ 450፣ አርማ 60፣ ሹራብ 1,150፣ ቱታ 800፤ በድምሩ 3,160 ብር ነው። ከ4,400 ብሩ ጋር ሲነጻጸር 1,240 ብር ይቀንሳል። የመመዝገቢያው ጭማሪ 400 ሲቀነስለት 840 ብር ይተርፋል። ቱታ ወይም ነጭ ሸሚዝ ቤቱ የነበረው ከዚህ በላይ ተርፎታል። ዩኒፎርም ጨርሶ ያልገዛ፣ የድሮውን ያስለበሰ ወላጅ ግን በዚያ ዓመት 400 ብር ጨምሮ ከፍሏል። ከእነዚህ ወላጆች አንዳንዶቹ ዛሬም በኮሚቴው ላይ ቅር እንዳላቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም።

ሌላ ቦታ ለሚሞክረው

መጀመሪያ ልብሱን ፍቱት። አምስት ሰው ቁጭ ብሎ ከመወያየት አንድ ልብስ ሰፊ ማታ ላይ ሱሪ ብትተረትር ይሻላል። ዋጋው በጅምላ ውድ ነው ከማለት የትኛው ክፍል ለምን ውድ እንደሆነ ማወቁ ድርድሩን ይለውጠዋል። እኛ ጋ ሱሪው ላይ ብንከራከር ኖሮ 250 ብር ላይ እንቀር ነበር።

የትምህርት ቤቱን ድርሻ በግልጽ ጠይቁ፤ ከዚያ ደግሞ ገቢው ሲቀርበት ከየት እንደሚተካው አብራችሁ አስቡ። ይህን ያልጠየቀ ወላጅ በዩኒፎርም ያስቀነሰውን በሌላ በር መልሶ ይከፍላል። የመተኪያው ክፍያ በየስንት ጊዜው እንደሚከፈልም እዩ።

በሩን ለብቻው ተነጋገሩበት። የአቅራቢው ትልቁ ሻጭ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ነበር። ልጅ በልብስ ምክንያት የሚመለስ ከሆነ የቀረው ስምምነት ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ወላጅ ያገኘውን በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል። በሌላ በኩል ይህ አንቀጽ ለማንም አንድ ብር አያስወጣም። ከሁሉም ቀድሞ ሊጠየቅ ይችላል።

ናሙና መለጠፍ ብቻውን ቀለምን አንድ አያደርግም። ጨርቁ ከአንድ ጣቃ ቢቆረጥ ነው አንድ የሚሆነው። ፕሮፎርማ ስትቀበሉም ማኅተሙን ሳይሆን ስልክ ቁጥሩን ተመልከቱ።

የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታን በሚመለከት የኮሚቴው አባላት እስከ ዛሬ አንስማማም። መምህሩ ያለ ደብዳቤው ባለቤቱ ለድርድር አይቀመጡም ነበር ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ወር አስረዝሞብናል ትላለች። እኔ ወደ መምህሩ አደላለሁ። ያም ሆኖ ደረሰኝ ከመጠየቁ በፊት ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ መያዝ ነበረበት የሚለው የእሷ ነጥብ ትክክል ነው።

ለ2019 የተያዘው

እናቶች ለዩኒፎርም ዕቁብ እንጣል ብለው ነበር። ዕቁብ ግን በየተራ ነው የሚደርሰው፤ የዩኒፎርም ገንዘብ ሁሉም የሚፈልገው በአንድ ሳምንት ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ተለውጦ ከጥር ጀምሮ በየወሩ የሚዋጣ ሆነ። በመጋቢት በተጠራቀመው ገንዘብ ግራጫ ጨርቅ በጣቃ ተገዝቶ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ተቀምጧል፤ የከፈለ ወላጅ በሜትር ይቆረጥለታል። ከችርቻሮው በሜትር 60 ብር ያህል ቀንሷል። አራት ልብስ ሰፊዎች እስከ ሰኔ 30 ልኬት ለሰጠ በ350 ብር ለመስፋት ተስማምተዋል። አንደኛዋ የኮሚቴ አባል በመሆኗ ዋጋውን የተነጋገሩት ሌሎቹ አራት አባላት ናቸው፤ ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሁ ተጽፏል።

ሹራቡ አልተፈታም። ባለቤቱ ከተማው ውስጥ ያሉ ሌሎች ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ወይን ጠጅ ሹራብ እንዲጠቀሙና አርማው ብቻ እንዲለያይ ሐሳብ አቅርበዋል። ሦስቱ አብረው ካዘዙ ቁጥሩ ለአምራቹ ይበቃል። አንዱ ትምህርት ቤት ተስማምቷል። ሌላው ቀለማችን አይቀየርም ብሏል። ለአምራቹ መልስ የሚሰጠው እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው።